ትርንጎ ፀሐይን የያዘችበት ቀን

ጠጋ በሉ ልጆች። የአንዲት እምቢ ባይ ልጅ ነገር ልንገራችሁ።

ስሟ ትርንጎ ነው። ስድስት ዓመቷ ነው። ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል።

ትርንጎ ከቃላት ሁሉ አንድ ቃል ትወዳለች። «እምቢ!» የሚለውን።

«ትርንጎ፣ ነይ ፀጉርሽን ልሥራሽ።»

«እምቢ!»

«ትርንጎ፣ ጫማሽን አድርጊ።»

«እምቢ!»

«ትርንጎ፣ ሐብሐብ ትበያለሽ?»

«እምቢ... አይ፣ እሱን እሺ!»

ትርንጎ የምትኖረው መተማ ነው። መተማ ፀሐይ በምትገባበት በኩል፣ የአገራችን ጫፍ ላይ ያለች ከተማ ናት።

ከተማዋ ስታልቅ ድልድይ አለ። ከድልድዩ ወዲህ ኢትዮጵያ ነው። ከድልድዩ ወዲያ ሱዳን ነው።

መተማ ትሞቃለች። እንዴት ትሞቃለች! ድመቶቹ ጋሪ ሥር ገብተው ይዘረራሉ። ሰዉ ማታ ማታ አልጋውን ግቢ ያወጣና ከሰማይ ሥር ይተኛል።

የትርንጎ እናት ወይዘሮ የሻረግ መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ ታበጥራለች። ሽው! ሽው! ሽው!

ማታ ቤት ስትገባ ፀጉሯ ውስጥ ሰሊጥ አለ። ትርንጎ አንድ በአንድ እየለቀመች ትበላዋለች።

አባቷ አቶ አስረስ ግን እዚህ የለም። እሱ ያለው ቶጎ ውጫሌ ነው። ፀሐይ በምትወጣበት በኩል፣ የአገራችን ሌላኛው ጫፍ ላይ።

ከመተማ ቶጎ ውጫሌ በአውቶቡስ ሲኬድ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ይፈጃል!

አባዬ ጎሚስታ ነው። የመኪና ጎማ ይጠግናል። ቶጎ ውጫሌ መኪና ይበዛል፤ ጎማም ይፈነዳል። ቧ! ደግሞ ሌላው። ቧ!

እሑድ እሑድ፣ ልክ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አባዬ ይደውላል። ያን ጊዜ ሁለቱ በከተማቸው ይፎካከራሉ።

«አባዬ፣ ያንተ ከተማ ዛሬ ምን አደረገች?»

«ነፋሷ ኮፍያዬን ወሰደው! ስሮጥ፣ ስሮጥ፣ የግመል እግር ሥር አገኘሁት።»

«ግመሉስ?»

«ግመሉማ መንገዱ መሀል ቆሟል። ሹፌሩ ጲጵ! ጲጵ! ይላል። ግመሉ ደግሞ አንገቱን ቀና አድርጎ 'ማነው እሱ?' ብሎ ያየዋል።»

ትርንጎ ሳቀች። ግን አልተሸነፈችም።

«የኔ ከተማ ትሞቃለች!»

«የኔ ከተማ ጠዋት ጠዋት ትበርዳለች። ጋቢ ለብሼ ነው ጎማ የምነፋው!»

«የኔ ሰሊጥ አላት!»

«የኔ የግመል ወተት አላት!»

«የኔ ሐብሐብ አላት!»

«በይ እንግዲህ፣ የኔ ትበልጣለች።»

«እምቢ! የኔ ናት የምትበልጠው!»

ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ተፎካክረው፣ ተፎካክረው፣ በመጨረሻ ሁለቱም ይስቃሉ።

ባለፈው እሑድ ግን አባዬ አልሳቀም።

«ትርንጎዬ፣ በሚመጣው እሑድ ከከባድ መኪኖች ጋር ወደ በረሃ እወርዳለሁ። እዚያ ስልክ አይሠራም። ሦስት እሑድ ድምፄን አትሰሚም።»

«እምቢ!» አለች ትርንጎ።

«ስሚኝማ። ከመሄዴ በፊት እደውልልሻለሁ። ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ። መኪኖቹ የሚነሡት አሥራ ሁለት ተኩል ነው። እንዳትረሺ፣ እሺ?»

«እኔ አልረሳም። አንተ እንዳትረሳ!»

«እኔ? እኔማ እንዴት ብዬ!»

ሰኞ አለፈ። ማክሰኞ አለፈ። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ እየጎተቱ አለፉ።

እሑድ መጣ።

እሑድ መጣ፤ መብራት ግን ጠፋ። የእማዬ ስልክም ባትሪ ጨርሶ ጥቁር አለ።

«ምን ይሻላል?» አለች እማዬ። «ነይ፣ ድልድዩ አጠገብ ካለው ሱቅ ወስደን ቻርጅ እናስደርገው። እዚያ ጄኔሬተር አላቸው።»

ትርንጎ ጫማዋን አደረገች። ማንም ሳይነግራት!

ሱቁ ድልድዩ ጥግ ነው። ጄኔሬተሩ ድድድድድድ! ይላል። ስልኩን ሰኩትና ጥላ ውስጥ ቁጭ አሉ።

በሩ ላይ ጋሽ ኢድሪስ ከርከዴ ይሸጣሉ። ቀይ፣ ቀዝቃዛ፣ ጣፋጭ ከርከዴ። ጋሽ ኢድሪስ ሱዳናዊ ናቸው። ጠዋት ድልድዩን ተሻግረው ይመጣሉ፤ ማታ ተሻግረው ይገባሉ።

ትርንጎ እጃቸውን አየች። በቀኝ እጃቸው ሰዓት አለ። በግራ እጃቸውም ሰዓት አለ!

«ጋሽ ኢድሪስ፣ ለምን ሁለት ሰዓት አሰሩ?»

«አንዱ የዚህ፣ አንዱ የዚያ» አሉ ጋሽ ኢድሪስ። የበለጠ ሳይነግሯት፣ የተጠማ ሰው መጣና ከርከዴ ሊቀዱለት ሄዱ።

ስልኩ ጠገበ። ትርንጎ በሁለት እጇ አቅፋ እስከ ቤት ወሰደችው። እንደ ጫጩት።

ከዚያ ግቢ ውስጥ አልጋው ላይ ወጣች። ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ጠበቀች።

«እማዬ፣ ስንት ሰዓት ነው?»

እማዬ ልብስ እያጠበች ነበር። አጎንብሳ ስልኩን አየች። «ገና አሥር ተኩል።»

ትርንጎ ጠበቀች። እግሯን አወዛወዘች። ጉንዳን ቆጠረች።

«እማዬ፣ አሁንስ?»

«አሥራ አንድ። አንድ ሰዓት ይቀረዋል። አትቁነጥነጪ እንጂ!»

ይህን ጊዜ አስካለ መጣች። አስካለ የጎረቤት ልጅ ናት። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሁሉን የምታውቅ ይመስላታል። የአያቷን ትንሽ ሬዲዮ በትከሻዋ አንጠልጥላለች።

ሬዲዮው ጢን! ጢን! ጢን! አለ። «ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው» አለ።

«ሰማሽ?» አለች አስካለ። «አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። የታል አባትሽ?»

«ገና ነው! ስልኩ አሥራ አንድ ይላል።»

«ሬዲዮ አይዋሽም።»

«ስልክም አይዋሽም!»

«አንዳቸውማ ይዋሻሉ» አለች አስካለ። «ወይም አባትሽ ረስቶሻል።»

«እምቢ! አባዬ አልረሳም!»

«ልጆች፣ አትጣሉ» አለች እማዬ። «ሬዲዮው አርጅቷል። እኛ ስልኩን እንመን።»

ስልኩን አምነው ተቀመጡ። ስልኩ ግን ዝም። ጭጭ።

የአጥሩ ጥላ ረዘመ። ረዘመ። አልጋው ሥር ደረሰ።

በአጥሩ በኩል ሰው አለፈ። ጋሽ ኢድሪስ ናቸው! ባዶ የከርከዴ ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ድልድዩ ይሄዳሉ።

ትርንጎ አሰበች። «ጋሽ ኢድሪስ የሚገቡት ሲመሽ ነው። በአሥራ አንድ ሰዓት ለምን ይገባሉ?»

ዱብ! ከአልጋው ወረደች። ስልኩን እንደያዘች ወደ በሩ ሮጠች። እማዬ ተከተለቻት። አስካለም ተከተለች።

«ጋሽ ኢድሪስ! ጋሽ ኢድሪስ! ስንት ሰዓት ነው?»

ጋሽ ኢድሪስ ጀሪካኑን አስቀመጡ። ቀኝ እጃቸውን አነሡ። «በመተማ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ።»

ግራ እጃቸውን አነሡ። «በእኛ ማዶ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ። ድልድዩን ስሻገር አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ለእራት የምደርሰው!»

ጋሽ ኢድሪስ ሳቁ። ትርንጎ ግን አልሳቀችም። ልቧ ድው! ድው! ድው! አለ።

አሥራ ሁለት ከሃያ! ሬዲዮው ልክ ነበር። አባዬ አልደወለም። መኪኖቹ ሊነሡ አሥር ደቂቃ ብቻ ቀርቷቸዋል።

«አላልኩሽም?» አለች አስካለ። «ረስቶሻል። ሰው ሲርቅ ይረሳል።»

 እማዬ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ልጄ፣ ምናልባት ሥራ በዝቶበት ይሆናል» አለች። «ምናልባት መኪኖቹ ቀድመው ተነሥተው...»

ትርንጎ መሬቱን በእግሯ መታች። ዷ!

«እምቢ!»

እንደገና መታች። ዷ!

«እምቢ! እምቢ! አባዬ አልረሳም!»

«ታዲያ ለምን አልደወለም?» አለች አስካለ።

 የትርንጎ እንባ መጣ። «እምቢ» አለችው እንባዋንም።

ስልኩን አየች። አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ይላል።

የጋሽ ኢድሪስን ግራ እጅ አየች። አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ይላል።

ስልኩን አየች። ግራ እጃቸውን አየች። ስልኩን። ግራ እጃቸውን።

«እማዬ!» ብላ ጮኸች። «ስልካችን ሱዳን ሄዷል!»

አስካለ በሳቅ ፍርስ አለች። «ስልክ እግር አለው እንዴ?»

ጋሽ ኢድሪስ ግን ግንባራቸውን ጠፍ! አደረጉ። «እውነቷን ነው! ድልድዩ አጠገብ ወስዳችሁት ነበር አይደል? እዚያ ስልክ ይሳሳታል። የማዶውን ኔትወርክ ይይዛል። የማዶውን ሰዓት ይነግራችኋል።»

«አባዬ ሲደውልስ?» አለች ትርንጎ።

«አባትሽ እዚህ ይፈልገዋል፤ ስልኩ ግን ማዶ ነው። እንዴት ይጥራ?»

«ወይ ጉድ! ያለ ፓስፖርት!» አለች እማዬ።

«አጥፍተሽ አብሪው፣ የሻረግ። ይመለሳል።»

እማዬ ስልኩን አጠፋችው። ጥቁር አለ።

እማዬ ስልኩን አበራችው። አሰበ። አሰበ። አሰበ።

«ቶሎ በል!» አለችው ትርንጎ። «ና፣ ተሻገር! አገርህ ግባ!»

ስልኩ በራ። ሰዓቱ ዘሎ መጣ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ አራት!

«መጣ! ከሱዳን መጣ!»

ከዚያ ስልኩ ትን! አለ። ትን! ትን! ትን! ትን!

«ምንድን ነው እማዬ? ምን ይላል?»

እማዬ አነበበች። «አባዬ ደውሎ ነበር፣ ይላል። አባዬ ደውሎ ነበር። አባዬ ደውሎ ነበር። አባዬ ደውሎ ነበር...»

ትርንጎ በጣቶቿ ቆጠረች፤ አሥሩም አለቁ። አባዬ የደወለው ከአሥር በላይ ነው።

አስካለ የሬዲዮዋን ማንጠልጠያ ማሻሸት ጀመረች።

ድሪሪሪሪን!

«አባዬ!»

«ትርንጎ! ትርንጎዬ! የት ጠፋሽ?»

«እኔ አልጠፋሁም! ስልኩ ነው ሱዳን ሄዶ የነበረው!»

ከአባዬ ኋላ መኪኖች ይጮሃሉ። ሩምምም! ሩምምም! አንድ ሹፌርም ይጮሃል። «አስረስ! ውጣ እንጂ! ልጅህ ረስታህ ተኝታለች ስልህ!»

አባዬም መልሶ ጮኸ። «እምቢ! ልጄ አልረሳችም አላልኩህም? ይኸው! አነሣች!»

ትርንጎ ዓይኗን አፈጠጠች። «አባዬ! የኔን ቃል ወሰድክ!»

«ያንቺን? ቃሉ የኔ ነው! ከኔ ነው የወሰድሽው።»

ትርንጎ እማዬን አየች። እማዬ ራሷን ነቀነቀች። «እውነቱን ነው» አለች። «እምቢታሽ የአባትሽ ነው።»

«አባዬ» አለች ትርንጎ። ድምጿ ቀጠነ። «አትሂድ።»

«ጎማ የፈነዳበት ሰው በረሃ ላይ ብቻውን ይቅር?»

ትርንጎ አሰበች። በረሃውን አሰበች። የፈነዳውን ጎማ አሰበች። ብቻውን የቆመውን ሰው አሰበች።

«አይቅር» አለች።

«ጎበዝ። እዚህ እኮ መሽቷል። ፀሐይ ከገባች ቆየች። መኪኖቹ መብራት አብርተዋል።»

ትርንጎ ቀና አለች። ከመንገዱ መጨረሻ፣ ከድልድዩ በላይ፣ ፀሐይ ቁጭ ብላለች!

«አልገባችም! እኛ ጋ አለች!»

«አትቀልጂ።»

«እውነቴን ነው! ክብ ናት። ቀይ ናት። አየኋት!»

«ከኔ ሸሽታ እናንተ ጋ መጣች?»

ትርንጎ እጇን ዘረጋች። ፀሐይን በመዳፏ ላይ አስቀመጠቻት። «ይዣታለሁ!»

«በይ ልቀቂያት። ቀኑን ሙሉ ስትሄድ ውላ ደክሟታል።»

«እምቢ! አንተ አውርተህ እስክትጨርስ አልለቃትም!»

አባዬ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንግዲያው ቶሎ ልንገርሽ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ መጀመሪያ የምትመጣው ወደኔ ነው። አንቺ ገና ተኝተሻል። እኔ 'ሂጂ መተማ፤ ትርንጎን ቀስቅሺልኝ' እላታለሁ።»

«ቶሎ ትደርሳለች?»

«በግማሽ ሰዓት።»

«አውቶቡስ እኮ ሦስት ቀን ይፈጅበታል!»

«ፀሐይ ጎማ የላትም። አይፈነዳባትም።»

ትርንጎ ሳቀች። ጥርሶቿ በወለቁበት በኩል ሳቋ ፍስስስ አለ።

«ማታ ደግሞ አንቺ ነሽ ኋለኛዋ» አለ አባዬ። «ከኔ ተሰናብታ አንቺ ጋ ትቆያለች። መልእክትሽን ንገሪያት። ሌሊት ዞራ፣ ዞራ፣ ጠዋት ታደርስልኛለች።»

ጳጳጳጳ! መኪናው ጥሩምባውን ነፋ።

«መሄዴ ነው፣ ትርንጎዬ። እሺ?»

ትርንጎ አፏን ከፈተች። «እም...» አለች። አፏን ዘጋች። ፀሐይን አየቻት።

«እሺ» አለች።

ስልኩ ጸጥ አለ። ትርንጎ መዳፏን ቀስ ብላ አወረደች። ፀሐይም ቀስ ብላ ወረደች።

«እኔ እኮ ሬዲዮው ያለውን ነው ያልኩት» አለች አስካለ።

«ሬዲዮሽ ልክ ነው። አባዬ ረስቷል ያልሽው ግን ስሕተት ነው።»

«እሺ፣ ተሳስቻለሁ።»

«አልሰማሁም!»

«ተሳስቻለሁ አልኩ እኮ!»

«ኧረ ድልድዩ ሊዘጋብኝ ነው!» አሉ ጋሽ ኢድሪስ። ጀሪካናቸውን ይዘው፣ ረጅም ጀለቢያቸውን ሰብስበው ሮጡ። ጧ፣ ጧ፣ ጧ!

ጨለመ። ከዋክብት ወጡ። እማዬ አልጋው ላይ ስስ አንሶላ አነጠፈች።

«ተኚ እንግዲህ።»

«እምቢ። ፀሐይን እጠብቃለሁ።»

«ሌሊቱን ሙሉ?»

«ሌሊቱን ሙሉ... ሙሉ...» አለች ትርንጎ። አዛጋች። እማዬ ጎን ጥቅልል አለች። ሁለቱም ተኙ።

ጠዋት አንድ ነገር የትርንጎን ጣቶች ነካ። ሙቅ ነው። ጉልበቷን ነካ። አገጯን ነካ። አፍንጫዋን ነካ።

ትርንጎ ዓይኗን ገለጠች። አልጋው ላይ ቆመች። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ዘገየሽ!» አለቻት ፀሐይን።

ፀሐይ ዝም አለች። ጉንጯን ብቻ አሞቀችላት።

ትርንጎ ዓይኗን ጨፈነች። እንደገና ተጋደመች፣ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዙራ።

«ግድ የለም» አለች። «አባዬ ጋ ስለነበርሽ ነው።»